መቼት በአጭር ልብ ወለድ፤ ከታሪክ ዳራነት ወደ ታሪክ መሪነት

«መቼት» የሚለው ቃል በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ዕድሜው ረጅም አይደለም። «መቼ» እና «የት» የተባሉት ሁለት መጠይቃን ተዳብለው የፈጠሩት ቃል ሲሆን አንድ ታሪክ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ በአንድነት ለመጥራት ያገለግላል። በአፈጣጠሩ የተዋጣለት ቃል ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከሁለት ጥያቄዎች መወለዱ በክፍል ውስጥ ያልታሰበ ጉዳት ሳያስከትል አልቀረም። መምህሩ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪው «በክረምት» ይላል። «የት?» ሲባል «በከተማ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለተመለሱ የመቼት ትምህርት እዚያው ላይ ያከትምና ወደ ገጸ ባሕርያትና ወደ ሴራ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ በሚያደርጉበት ወቅት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝቶ የአንድ ዕጩ መምህርን ክፍለ ጊዜ ተመልክቶ ነበር። ለትምህርቱ የተመረጠው የሩሲያዊው ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ አጭር ልብ ወለድ ነበር፤ የአማርኛው ትርጉም በወረቀት ተባዝቶ ለተማሪዎቹ ታድሏል። ታሪኩ ልጁ ስለሞተበት አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ይናገራል። ሰውዬው ሐዘኑን የሚያወያየው ሰው ፈልጎ ሲያጣ በመጨረሻ ለፈረሱ ይነግረዋል። ንባቡ እንዳበቃ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ሰውዬው ዕድር የለውም እንዴ?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዕጩ መምህሩም «ከርእሳችን አንውጣ» ብሎ ወደ ተከታዩ ጥያቄ አለፈ። ታዛቢውም በመገምገሚያው ቅጽ ላይ «የክፍል ሥርዓት በሚገባ ተጠብቋል» ብሎ ጽፎ ወጣ።

ያች ተማሪ የጠየቀችው በዚያ ዕለት ከተጠየቁት ሁሉ የላቀውን የመቼት ጥያቄ መሆኑ ለታዛቢው የተገለጸለት ዘግይቶ ነው። ይህ ጽሑፍም ከዚያ ስሕተት የመነጨ ነው። መቼት በአጭር ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ከጌጥነት ወይም ከዳራነት ተነሥቶ ሴራውን የሚመራና የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ የሚወስን ኃይል ለመሆን የበቃበትን መንገድ በውጭውም ሆነ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ አንዳንድ ምሳሌዎች እየጠቀሰ ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ቃል አጠቃቀም አንድ ነገር መጠቆም ያሻል። የድርጊቶችን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት አንዳንዶች «ሴራ» ሲሉት ሌሎች ደግሞ «ትልም» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው ተመርጧል፤ በትምህርት ቤት ይበልጥ የተለመደው እርሱ ነውና። ሆኖም ሁለተኛው ቃል ከእርሻ መምጣቱን ልብ ማለት አይከፋም። ገበሬ ትልሙን የሚያወጣው መሬቱን አይቶ ነው፤ ተዳፋቱን አግድም፣ ሜዳውን እንደ ልቡ።

ስፍራ አልባው ተረት

ተረት «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ይጀምራል። የትኛው ቀን እንደሆነ አይናገርም። «በአንድ አገር» ይላል፤ የትኛው አገር እንደሆነ አይገልጽም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የአገልግሎቱ ጠባይ ነው። ተረት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ በመሆኑ ጎንደር ላይ የተነገረው ሐረር ላይም መሥራት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ስፍራውን ባሕር ማዶ ጥሎ ይሄዳል። ቀበሮዋ ብልጥ፣ ጅቡ ሆዳም የሚሆኑት ከሚኖሩበት ጫካ የተነሣ አይደለም፤ ጠባያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ይዘውት ይወጣሉ።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ፣ በአማርኛ የልብ ወለድ ድርሰት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። የዘርፉ ስም ራሱ ከዚያ መጽሐፍ ርእስ የተገኘ ነው። ደራሲው በጣና ዳር በዘጌ ተወልደው፣ አውሮፓን ያዩና የሥዕል ጥበብን የተማሩ ሰው ቢሆኑም የታሪኩ ጦርነት በየትኛው ዘመንና በየትኛው ምድር እንደተካሄደ በግልጽ አልወሰኑም። መሬቱ፣ ዱሩና መንገዱ ይገለጻሉ፤ ነገር ግን የሚያገለግሉት ለገጸ ባሕርያቱ መከራና ደስታ መድረክ በመሆን ነው። ጦቢያ በየትኛውም አገር ብትወለድ ያችው ጦቢያ ናት። መጽሐፉ የተጻፈው ለተረትና ለገድል ቅርብ በሆነ ዘመን ስለሆነ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «ሐዲስ ዓለም» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ሲያወጡ አንድ እርምጃ ተራመዱ። በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከተወለደበት አገር ልማድ ጋር የሚገጥመው ትግል የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቦታ የግጭት ምንጭ መሆን ጀመረ ማለት ነው፤ ወጣቱ ከቀዬው ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ታሪክ አይኖርም ነበርና። ይሁንና ሁለቱ አገሮች በመጽሐፉ ውስጥ የቆሙት እንደ ሁለት አሳቦች ነው። አንባቢው የሁለቱን አስተሳሰብ ልዩነት በሚገባ ይረዳል፤ የመንገዱ ርቀት ወይም የቤቱ ጭስ ግን ብዙም አይሰማውም። አሳብ እንደ ልብ ይተረካል፤ ጭስ ግን ዓይን ማስለቀስ አለበት።

ብርድ እንደ ባለጋራ

በአውሮፓና በአሜሪካ አጭሩ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆኖ ጎልቶ የወጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ዘመን ውስጥ እ.ኤ.አ. 1842 ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የተለየ ስፍራ አለው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ የናትናኤል ሆቶርንን አጫጭር ታሪኮች አስመልክቶ ባቀረበው ሂስ፣ የአጭር ልብ ወለድ ደራሲ አስቀድሞ በአንባቢው ልብ ሊያሳድር የሚፈልገውን አንድ ስሜት ወስኖ እያንዳንዱን ቃል ለዚያ እንዲያውል አሳሰበ። በአንድ ቁጭታ የሚነበብ ታሪክ የሚባክን መስመር እንደሌለው ያስረዳው በዚህ መንገድ ነው። የዚህ አስተሳሰብ ተከታይ ውጤት ለመቼት ከባድ ነበር፤ የአየሩ ጠባይ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ የመብራቱ ማነስ ሁሉ ሥራ ፈትተው መቆም የማይፈቀድላቸው ሆኑ።

በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኒኮላይ ጎጎል «ካፖርት» የተባለውን ታሪኩን ለአንባቢ አቀረበ። አካኪ አካኪየቪች በፒተርስበርግ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚገለብጥ ተራ ጸሐፊ ነው። ደመወዙ በዓመት 400 ሩብል ነው። አሮጌ ካፖርቱ ከማለቁ የተነሣ መጣፍ ተስኖት ሰፊው አዲስ እንዲያሠራ ያስገድደዋል። አዲሱ 80 ሩብል ይፈጃል። አካኪ ማታ ማታ ሻይ መጠጣቱን ይተዋል፤ ሻማ አያበራም፤ የጫማው ሶል እንዳያልቅበት በመንገድ ላይ በቀስታ ይራመዳል። ካፖርቱን ለብሶ በወጣበት በዚያው ዕለት ሌሊት በአንድ ሰፊና ጨለማ አደባባይ ላይ ወንበዴዎች ይገፉታል። አቤት ብሎ የሄደበት ባለሥልጣን ይጮኽበታል፤ ብርድ መትቶት ይሞታል።

አሁን ይህን ታሪክ ወደ አዋሽ ሸለቆ እንውሰደው። ቆላ ነው፤ ካፖርት የሚሻ የለም። ሰውዬው ሻይውን አይተውም፣ ሻማውን አያጠፋም፣ ዘራፊ አያገኘውም። ከታሪኩ የሚቀር ነገር የለም። ብርዱ የታሪኩ ባለጋራ መሆኑ ብቻ ሳይሆን የአካኪን ጠባይ የሚገልጽልን እርሱ ነው። ቆጣቢነቱና ትዕግሥቱ፣ በጥቂት ነገር መደሰት መቻሉም የታዩን ከተማይቱ በረዶ ስለጣለችበት ነው።

ነገር ግን ብርድ ብቻውን አይበቃም። መቼት የአየር ጠባይ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ የሚደርሰው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ቀዳማዊ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1722 ያወጣው ሥርዓት የሩሲያን ሹማምንት በ14 ማዕረጎች ከፍሎ ነበር። አካኪ የሚገኘው በዘጠነኛው ላይ ነው። ጸሐፊውን የሚያሾፉበት ባልደረቦቹ፣ ትልቅ ሰው መሆኑን ለማሳየት የሚጮኸው ባለሥልጣን፣ አቤቱታ በየትኛው በር መግባት እንዳለበት የሚነሣው ክርክር፣ ይህ ሁሉ ከዚያ የማዕረግ መሰላል የወረደ ነው። ስለዚህ «መቼቱ የት ነው?» ሲባል «ፒተርስበርግ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። ሙሉው መልስ «የዘጠነኛ ማዕረግ ጸሐፊ በ400 ሩብል ክረምትን የሚያልፍበት ፒተርስበርግ» የሚለው ነው።

አንድ መቼት ሁለት ታሪክ ሊወልድ እንደሚችል ለማሳየት ከጃክ ለንደን ሥራ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል። ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 በካናዳ ሰሜናዊ ግዛት በክሎንዳይክ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ብርዱን በአካሉ የቀመሰ ደራሲ ነው። ስለ እሳት ማንደድ የሚናገረውን ታሪኩን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1902 ለወጣቶች በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ አወጣው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰውዬው ስም አለው፤ ቶም ቪንሰንት ይባላል። እግሩ ውኃ ውስጥ ገብቶበት ከብርዱ ጋር ከታገለ በኋላ ይተርፋል፤ በዚያ አገር ብቻን መጓዝ እንደማይገባም ይማራል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1908 ታተመ። እዚህኛው ላይ ሰውዬው ስም የለውም። አንድ ውሻ ተጨምሯል። ብርዱም ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ደርሷል። ከዛፍ ሥር ያነደደውን እሳት ከቅርንጫፎቹ የወረደ በረዶ ያጠፋበታል፤ ጣቶቹ ክብሪት መያዝ ይሳናቸዋል፤ ይሞታል። ውሻው ቆይቶ ሬሳውን ያሸትና ወደ ሰፈሩ ይሄዳል።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያነበበ መምህር ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያው ብርዱ አስተማሪ ነው፤ ሰውየውን ገርፎ ይለቀዋል። የወጣቶች መጽሔት ጠባይም ይህን ይሻል። በሁለተኛው ብርዱ ለሰውዬው ግድ የለውም። ውሻው የገባው ለጌጥ አይደለም፤ ሰውዬው በቴርሞሜትር የሚያውቀውን ብርድ ውሻው በደሙ ያውቀዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰውዬውን አሳቢ አለመሆን ያለ አንዳች ስብከት ያጋልጠዋል። ስሙም የተነሣው በከንቱ አይደለም፤ በዚያ በሰፊው ነጭ ምድር ላይ ስሙን የሚጠራው ማንም የለምና። እዚህ ላይ ቦታ ሰውን ይወስናል የሚለው አስተሳሰብ በጥሬው እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ይገባል። በአንድ ብርድ ውስጥ አንዱ ተርፏል፣ ሌላው ሞቷል። መቼት ጥያቄውን ያቀርባል እንጂ መልሱን አይጽፍም። በ1970ዎቹ በእኛ አገር የሥነ ጽሑፍ ሂስ ጎልቶ ይሰማ የነበረው፣ ገጸ ባሕርይን የኅብረተሰቡ ሁኔታ ነጸብራቅ ብቻ አድርጎ የማየት ዝንባሌ ይህን ልዩነት አጥርቶ ያየ አይመስልም። ጠቀሜታ አልነበረውም ለማለት ግን አይደለም፤ ተማሪዎች ከቦታው ስም አልፈው የኑሮውን ሥርዓት እንዲመለከቱ አድርጓል።

የዕድሩ ጥያቄ

ወደ ቼኾቭ እንመለስ። ታሪኩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ባለጋሪው ዮና በዚያ ሳምንት ልጁን ቀብሯል። ማታ ነው፤ በረዶ ይጥላል። አንድ የጦር መኰንን ይሳፈራል፤ ዮና ዘወር ብሎ ስለ ልጁ መናገር ሲጀምር የመንገዱ ጉዳይ ያቋርጠዋል። ቀጥሎ ሦስት ወጣቶች ይሳፈራሉ፤ ይሳደባሉ፣ ያጣድፉታል፣ ደርሰው ይወርዳሉ። ከዚያ አንድ የቤት ጠባቂ፣ ከዚያም በማደሪያው አንድ ወጣት ባለጋሪ። ሁሉም አይሰሙትም።

የታሪኩ ሴራ ከጋሪ ሥራ የተቀዳ መሆኑ ልብ ይባል። ተሳፋሪ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ የሚነጋገሩት ፊት ለፊት እየተያዩ አይደለም። ጉዞው አጭር ነው፤ አድማጩ የተገኘበት መንገድ ራሱ አድማጩን ይወስደዋል። ደራሲው ሐዘንተኛውን አንጥረኛ ወይም ገበሬ ቢያደርገው ኖሮ ታሪኩ በዚህ ቅርጽ ሊሠራ አይችልም ነበር። የዮናም ጠባይ፣ ተለማማጭነቱና ስድብን ችሎ በፈገግታ መቀበሉ፣ በሳንቲም ከሚያድር የባለጋሪ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው።

ተማሪዋ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። እርሷ በምታውቀው ሰፈር ልጁ የሞተበት ሰው ብቻውን አያመሽም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ከዕድሩ ይመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይገባል፤ ሐዘንተኛው መናገር ባይፈልግ እንኳ እንዲናገር ይጠየቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የዮና ታሪክ ሊፈጠር አይችልም። እንግዲህ «ዕድር የለውም እንዴ?» ማለት «ይህ ታሪክ እንዲፈጠር በዚያ ቦታ ምን መጉደል ነበረበት?» ማለት ነው። መቼት ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በሌለውም ነገር ሴራን እንደሚሠራ የሚያመለክት ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ጸሐፊ በንባብ ያላገኘው ነገር ነው።

ከጉለሌ ጀምሮ

በአማርኛ የዘመናዊ አጭር ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1941 ዓ.ም. የቀረበው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» ነው። ርእሱን ብቻ ቆም ብለን ብናጤነው ብዙ ይነግረናል። ሰውዬው በአባቱ ስም አልተጠራም። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ዘር፣ የእገሌ አገር ባለርስት አልተባለም። በሰፈሩ ተጠራ። «የጉለሌው» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ትመሰክራለች። በገጠር ሰው የሚታወቀው በትውልዱና በመሬቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ግን ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው በሰፈር ስም መለየት ለመደች፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር። ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው ጉለሌም ከእነዚሁ አንዷ ሆነች። እንዲህ ያለ ስም የሚለጠፍበት ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ሊፈጠር የቻለው ሰውን ከዘሩ ይልቅ በጎረቤቱ የሚያውቅ ከተማ ከተፈጠረ በኋላ ነው። ሰካራምነቱም ቢሆን ሰፈር ያየው፣ ሰፈር የሰየመው ነው።

ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1949 ዓ.ም. ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተሰኘውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አሳተመ፤ በ1952 ዓ.ም. «ሌላው መንገድ» ተከተለ። ከሁለቱ ፈር ቀዳጆች አንደኛው በርእሱ ላይ ስፍራን፣ ሁለተኛው ጊዜን ማስቀመጡ ያስደንቃል፤ «የት» እና «መቼ» በርእስ ደረጃ ተገናኙ ማለት ነው። አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም መስከረም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የወር ስም ብቻ እንዳልሆነ ደራሲው ያውቃል። አደይ አበባ፣ አዲስ ልብስ፣ የትምህርት መጀመሪያ፣ የተስፋና የዕዳ ወር ነው፤ ወሩ ሲጠራ ግማሹ ስሜት ተሠርቶ ያድራል።

በእነዚያ ዓመታት አጭር ልብ ወለድ ለምን ከከተማ ጋር ተቆራኘ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ በዚያው ዓመት «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በመሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚያድር፣ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ወላጆቹ ያልመረጡለትን ሴት በመንገድ ላይ አግኝቶ የሚያነጋግር ወጣት ተፈጠረ። ከተማ እንግዳን ከእንግዳ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ ታገናኛለች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ትለያቸዋለች። አጭር ልብ ወለድ የሚሻው ይህንኑ አጭር ግጥሚያ ነው። በገጠር ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቀው በትውልድ ስለሆነ ታሪኩም ትውልድ ያህል ይረዝማል።

ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ባቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከማንኩሳ አንሥተው ወደ ዲማ ሲያደርሱት የጎጃምን ምድር፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት፣ የባላባቱን ቤት አንድ በአንድ ለማስጎብኘት ስፍራ ነበራቸው። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» ውስጥ የሰሜን ሸዋዋን አርማንያ እንዲሁ አስፋፍቶ ሠርቷታል። አጭር ልብ ወለድ ይህ ሁሉ ስፍራ የለውም። አገሩን በአንድ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ዘመኑን በአንድ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ማሳየት ይገደዳል። ስለዚህም በአጭር ልብ ወለድ መቼትን የመምረጥ ስሕተት ይቅርታ የለውም፤ ረጅም ልብ ወለድ በመቶኛው ገጽ ላይ ሊያርመው ይችላል።

ስለ «መቼ»

እስካሁን ስፍራ አመዝኗል። ጊዜ ግን ይበልጥ ይረሳል። በ1965 ዓ.ም. የሚፈጸም የጭሰኛና የባለመሬት ታሪክ በ1968 ዓ.ም. ላይ እንዳለ ሊቆም አይችልም፤ በመካከሉ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ አለ። እርቦና ሲሶ የሚያስቆጥረው ምክንያት ጠፍቷል፤ የጭሰኛው ልምምጥ፣ የባለመሬቱ ኩራት ሌላ መልክ መያዝ አለበት። በከተማም እንዲሁ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ የአከራይና የተከራይ ታሪክ የቀበሌና የነዋሪ ታሪክ ሆነ። ሦስት ዓመት ያህል ወደፊት ወይም ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይን ከሥሩ ይለውጠዋል። የዛሬ ተማሪ ደግሞ የሚያውቀው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በግ ለማረድ የሚደረገው ድርድር ለአንድ አጭር ልብ ወለድ የሚበቃ ግጭት አለው።

በክፍል ውስጥ

ለመማሪያ መጻሕፍት ታሪክ ስንመርጥ የቋንቋውን ክብደትና የጭብጡን አግባብነት እንመዝናለን፤ መቼቱን ግን ብዙ ጊዜ አንመዝንም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች በየክልሉ አሉ። በቆላ ያደገ ልጅ ስለ ደጋ ብርድ፣ ከተማ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ፎቅ ቤት ሲያነብ መቼቱን እንደ ስም ብቻ ቢይዘው አያስደንቅም። መፍትሔው ለየወረዳው የየራሱን ታሪክ መጻፍ አይመስለንም፤ የራቀን አገር ማንበብ ራሱ ትምህርት ነውና። የሚያስፈልገው ልጁ የራሱን ስፍራ ይዞ ወደ ታሪኩ እንዲገባ መፍቀድ ነው።

ለዚህ የምናቀርበው ልምምድ ቀላል ነው፤ ወጪም የለበትም። ተማሪዎቹ ያነበቡትን ታሪክ ወደሚያውቁት ስፍራና ዘመን እንዲያዛውሩ ይታዘዛሉ። ምን ወደቀ? ምን ቆመ? የትኛው ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው ሆነ? ከሚወድቀው ነገር መቼቱ የሠራውን፣ ከሚቆመው ነገር ደግሞ የሰውዬውን የራሱን ያያሉ። መምህሩ ግን አንድ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት፤ መዛወሩ የስም ለውጥ ብቻ እንዳይሆን፣ ዮናን «ዮናስ» ብሎ በረዶውን ዝናብ ማድረግ ብቻ እንዳይበቃቸው።

ይህ ጸሐፊ ከጊዜ በኋላ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ያንኑ የቼኾቭን ታሪክ ለዕጩ መምህራን ሰጥቶ የተማሪዋን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጻፈው። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ታሪኩ በእኛ አገር አይሆንም አሉ፤ ዕድሩ ይደርሳል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አለቀ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ግን ከገጠር የመጣ አንድ ዕጩ መምህር ተነሥቶ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የገባ፣ ከአምስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚያድር ሰው የየትኛው ዕድር አባል ነው ብሎ ጠየቀ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ማን ይከፍልለታል? ልጁ በአገር ቤት መሞቱን በስልክ ቢሰማ ሌሊቱን ለማን ይነግራል?

በዚያ ሳምንት ከቀረቡት ረቂቆች አብዛኞቹ ስለዚህ ሰው የተጻፉ ነበሩ። በአንደኛው ድንጋይ ተሸካሚ፣ በሌላው ሌሊት ጠባቂ፣ በሦስተኛው ሊስትሮ ሆኗል። የሊስትሮው ታሪክ በተለይ ጥሩ ነበር፤ ደንበኛ ቆሞ እግሩን ሣጥኑ ላይ ያሳርፋል፣ ሊስትሮው አንገቱን ደፍቶ ይናገራል፣ ጫማው ሲያበራ ደንበኛው ይሄዳል። ፈረሱን በምን እንደሚተካው ግን ጸሐፊው ሊወስን አልቻለም፤ ረቂቁ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ መጨረሻ ተቀምጧል።